ከሣጥን የወጡት ዘፈኖች አልበሙን አልገደሉትም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ተላከልኝ። አራቱም የድሮ ሮክ እንደምወድ የሚያውቁ ጓደኞቼ ናቸው። ጽሑፉ በየጊዜው እንደ አዲስ እየታተሙ ስለሚወጡት ቆየት ያሉ የሮክ አልበሞች ነው። በተለይም በጊዜው ሳይለቀቁ ቀርተው አሁን ከአልበሙ ጋር አብረው ስለሚመጡት ዘፈኖችና ቦነስ ትራኮች፣ ማለትም ተጨማሪ ቀረጻዎች። ጥሩ አድርገው ጽፈውታል። ጸሐፊው ሙዚቃ ከልባቸው የሚሰሙ ሰው መሆናቸው ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ሰው «እውነት ነው» እያለ ሲቀባበለው ሳይ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ አርቲስቱ ያኔ ያስቀረው ዘፈን በምክንያት የቀረ ነው፤ ጥሩ ቢሆን ኖሮ አልበሙ ውስጥ ይገባ ነበር ይላሉ። ሁለተኛ፣ አልበም መጀመሪያና መጨረሻ ያለው አንድ ሥራ ስለሆነ ጅራት ሲቀጠልበት ይበላሻል። ሦስተኛ፣ ነገሩ ሁሉ ያንኑ ዕቃ ለዚያው ሰው ደጋግሞ መሸጥ ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት የጠቀሱት እዚህ ላይ ነው። አራተኛ፣ የሞተ ሰው ፈቃዱን አይጠየቅም፤ ያልጨረሰውን ሥራ ማውጣት መቃብር መቆፈር ነው። አምስተኛውና እኔን በጣም ያሳሰበኝ፣ ዘፈን እንዴት እንደተሠራ መስማት የዘፈኑን ምሥጢር ይገድለዋል የሚለው ነው።

(ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ከመጀመሪያው ልጀምር። ሌሎቹ አብዛኞቹ የቆሙት እሱ ላይ ነው።

«ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይገባ ነበር።» ሲሰሙት ልክ ይመስላል። ግን አንድ ዘፈን ከአልበም የሚቀርባቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ብታዩ ጥራት ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ አልበም ማለት ሸክላ ነበር። የሸክላ አንዱ ገጽ በደንብ የሚይዘው ወደ 20 ደቂቃ፣ ቢበዛ 22 እና 23 ነው። ከዚያ ሲያልፍ መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁ ይሳሳል፣ ቤዙ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ባንድ አሥራ አምስት ጥሩ ዘፈን ይዞ ስቱዲዮ ቢገባ አራቱ ወይ አምስቱ ውጭ ማደራቸው ነው። ሌላም አለ። ኩባንያው ቀን ቆርጦ ይጠብቃል። የባንዱ አባላት ይጣላሉ። አንዱ ደራሲ ሦስት ዘፈን ካስገባ ሌላው ያኮርፋል።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ ያለች፣ ሐበሻ የሞላባት ከተማ። የሮክ ባንዱ የፍሊትዉድ ማክ ዘፋኝ ስቲቪ ኒክስ በዚህ በኩል በመኪና ስታልፍ የከተማዋን ስም አውራ ጎዳናው ላይ ተጽፎ አየችው። ስሙ ደስ አላትና «ሲልቨር ስፕሪንግስ» የሚል ዘፈን ሠራች። ዘፈኑ ግን ስለ ከተማዋ አይደለም። የተለያየችው ፍቅረኛዋና የባንዱ ጊታሪስት ስለነበረው ስለ ሊንዚ በኪንግሃም ነው። በ1976 «ሩመርስ» ለተባለው አልበም ተቀረጸ። ከዚያ ቀረ። ረጅም ነው፣ ዝግ ያለ ነው፣ ሸክላው ላይ ቦታ የለም ተባለ። በምትኩ አጠር ያለ ሌላ የራሷ ዘፈን ገባ። ኒክስ ይህን ስትሰማ ምን ያህል እንደተናደደች ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። ዘፈኑ «ጎ ዩር ኦውን ዌይ» በተባለው ነጠላ ሸክላ ጀርባ ላይ ታትሞ እዚያው ቀረ። ከፊት ያለው ዘፈን በኪንግሃም ስለሷ የጻፈው ነው፣ ከጀርባ ያለው እሷ ስለሱ የጻፈችው። ከፊት ያለው ታላቁ አልበም ውስጥ ገባ፣ የሷ መልስ ግን ውጭ ቀረ።

በ1997 ባንዱ እንደገና ተሰብስቦ «ዘ ዳንስ» የተባለውን የመድረክ ቀረጻ ሲያወጣ፣ ኒክስ ይህንኑ ዘፈን በኪንግሃምን ዓይን ለዓይን እያየች ዘፈነችው። ለግራሚ ታጨ። በ2004 «ሩመርስ» እንደገና ሲታተም ደግሞ የ1976ቱ የስቱዲዮ ቅጂ አልበሙ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህንን ነው፦ እዚህ ላይ «የአርቲስቱ ውሳኔ» የሚሉት የማንን ነው? ዘፈኑን የጻፈችው ሴት ያኔም እንዲገባ ነበር የፈለገችው። ያስቀረው የሸክላው ስፋትና የሌሎች ድምፅ ነው። ሲዲ ሲመጣ ያ የቦታ ችግር ጠፋ። ታዲያ ችግሩ ከጠፋ በኋላ ውሳኔው ለዘላለም የሚከበርበት ምክንያት ምንድነው?

ዘፋኙን ኒል ያንግንም ልጥቀስ። «ሆምግሮውን» የተባለውን ሙሉ አልበም በ1974 እና 75 ቀርጾ ጨርሶ አስቀመጠው። ጥራቱ አንሶ አልነበረም። ከልጁ እናት ጋር የተለያየበት ወቅት ነበርና ዘፈኖቹን መስማት ከበደው። በ2020 ሲያወጣው፣ ያኔ ባለመልቀቁ አድማጮቹን ይቅርታ ጠይቋል። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ደግሞ ሁለት ትልልቅ የዘፈን ደራሲዎች ባሉበት ባንድ ውስጥ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ነበር። «ኖት ጊልቲ»ን በ1968 ቢትልስ ከመቶ ጊዜ በላይ ሞክረው ቀረጹት፤ አልገባም። «ኦል ቲንግስ መስት ፓስ»ን በ1969 መጀመሪያ ለጓደኞቹ አቀረበው፤ ተለማመዱት፣ ተውት። ከዓመት በኋላ ለብቻው ባወጣው ሦስት ሸክላ ባለው አልበም ላይ አርዕስቱ የሆነው ይኸው ዘፈን ነው። በ1969 ፌብሩዋሪ 25፣ በልደቱ ቀን፣ ለብቻው ጊታር ይዞ የቀረጸውን ቅጂ የሰማነው በ1996 «አንቶሎጂ» በተባለው የቢትልስ ስብስብ ሦስተኛው ክፍል ነው። በጣም የሚያምር ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ዘፈን «ባይረባ ነው የቀረው» ማለት ይከብዳል።

ደግሞ ጸሐፊው ለቀሩት ዘፈኖች የሰጡት «ትርፍራፊ» የሚለው ቃል ራሱ ውሃ አያነሳም። ሌድ ዘፕሊን በ1975 «ፊዚካል ግራፊቲ»ን ሲያወጡ የነበሯቸው ስምንት አዳዲስ ዘፈኖች ነበሩ። ለአንድ ሸክላ በዙ፣ ለሁለት አነሱ። ስለዚህ ከቀድሞ አልበሞቻቸው የቀሩ ሰባት ዘፈኖችን ከመጋዘን አውጥተው ጨመሩ። ዛሬ ያንን አልበም ከባንዱ ምርጦች አንዱ ነው የማይል ሰው ጥቂት ነው። ሮሊንግ ስቶንስም በ1981 «ታቱ ዩ»ን ሲያዘጋጁ አዲስ ነገር ለመቅረጽ አልተስማሙም ነበርና የድምፅ ባለሙያቸው ክሪስ ኪምዚ የድሮ ቴፖችን መፈተሽ ጀመረ። «ስታርት ሚ አፕ» በ1978 ለ«ሰም ገርልስ» አልበም ሲቀረጽ እንደ ሬጌ ብዙ ጊዜ ተሞክሮ የተተወ ዘፈን ነበር። ከሬጌዎቹ መሃል አንድ የሮክ ቅጂ ተገኘ። «ዌይቲንግ ኦን ኤ ፍሬንድ» ደግሞ ከ1972 የጃማይካ ቀረጻ የተረፈ ነው። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ቁጥር 1 ሆነ። የጸሐፊው ሕግ ቢሠራ ኖሮ እነዚህ ሁለት አልበሞች በዚያ መልካቸው አይኖሩም ነበር።

አንድ ነገር ግን እሰጣቸዋለሁ። ከየሣጥኑ ከሚወጣው ቀረጻ አብዛኛው ከዋናው ያንሳል። አንዳንዱ ያለ ዘፋኝ ድምፅ የተቀረጸ ሙዚቃ ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከታወቀው ቅጂ የሚለየው በጥቂት ሰከንድ ነው። ሁሉም «ሲልቨር ስፕሪንግስ» አይደለም። ነገር ግን ሁሉም ዕንቁ ስላልሆነ ሣጥኑ ተቆልፎ ይቀመጥ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ አልበሙ ይበላሻል ወደሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው የሰጡት ምሳሌ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ነው። በመጨረሻው ዘፈን መዝጊያ ላይ ብዙ ፒያኖ አንድ ላይ ተመትቶ፣ ያ ድምፅ ከ40 ሰከንድ በላይ እየደከመ እየደከመ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ዝምታ ነው የሚገባው ይላሉ። እስማማለሁ! በ2017 የወጣውን የ50ኛ ዓመት ህትመት ግን ብታዩት፣ አልበሙ አንድ ዲስክ ላይ ብቻውን ነው። የሙከራ ቅጂዎቹ በሌላ ዲስክ ናቸው። ዝምታውን ማንም አልነካውም።

እንዲያውም በዚያ ሌላው ዲስክ ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ቢትልስ በመጀመሪያ ዘፈኑን ሊዘጉ ያሰቡት በፒያኖ አልነበረም። በ1967 ፌብሩዋሪ 10 ምሽት ማይክሮፎን ከበው በአፋቸው «ህምምም» እያሉ አዜሙት። ቀረጹት። ሰሙት፤ አልበቃቸውም። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሰው ያንን የፒያኖ ምት መቱ። አሁን እኔ «ህምምም» የሚለውን ሰምቻለሁ። ፒያኖው ሲመጣ ከድሮው የበለጠ ያስደነግጠኛል እንጂ ያነሰ አይደለም፤ ምክንያቱም ያ ድምፅ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች «ይሄ አይበቃም» ብለው ተመልሰው የፈለጉት መሆኑን አውቃለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ የተጎዳው የመጀመሪያው አልበም ነው። «ዘ ሁ» የተባሉት የሮክ ባንድ በ1970 ፌብሩዋሪ 14 እንግሊዝ አገር በሊድስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትን ኮንሰርት አሳትመው ሲያወጡት ሸክላው የያዘው ስድስት ዘፈን ብቻ ነበር። በ1995 አሥራ አራት ሆነ። በ2001 «ቶሚ» የተባለውን ረጅም ሥራቸውን ጨምሮ ያ ምሽት ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖ ወጣ። ስድስቱ ዘፈን ጥሩ ናቸው፤ ሙሉው ምሽት ግን ሌላ ነገር ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ተማሪ የሰማውን ነው የምትሰሙት።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት አንድ ቦታ አለ። የ2004ቱ «ሩመርስ» «ሲልቨር ስፕሪንግስ»ን መጨረሻ ላይ አላስቀመጠውም። መሃል ላይ፣ በ«ሶንግበርድ» እና በ«ዘ ቼይን» መካከል ሰነቀረው። የሸክላው ሰዎች «ሶንግበርድ» የመጀመሪያው ገጽ መዝጊያ፣ «ዘ ቼይን» ደግሞ የሁለተኛው መክፈቻ መሆኑን ያውቃሉ። ሸክላውን የምትገለብጡበት ቦታ ነው። ዘፈኑን የቱንም ያህል ብወደው እዚያ መግባቱ ትክክል አልነበረም። በ2013 ሲታተም ወደ መጨረሻው ሄደ፤ ጥሩ ተደረገ። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅም በ2014 እና 15 የሌድ ዘፕሊንን አልበሞች ሲያሳትም አልበሙን እንዳለ ትቶ ተጨማሪውን በሌላ ዲስክ አደረገው። ጥያቄው እንግዲህ «ይውጣ ወይስ አይውጣ» አይደለም። የት ይቀመጥ ነው። ጸሐፊው ይህን ጽፈው ቢሆን ኖሮ ከታች ፈርሜ ነበር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም፤ ብዙው እውነት ነውና። ያንኑ አልበም በካሴት፣ በሲዲ፣ በድጋሚ ሲዲ፣ በሸክላ የገዛ ሰው ብዙ ነው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ያልተሰማ ዘፈን ለማግኘት ብዬ ትልቅ ሣጥን ገዝቻለሁ። ዘፈኑ ለብቻው አይሸጥም ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ፖስተር ነበር፣ የድሮ ቲኬት ቅጂ ነበር፣ ሌላ ቦታ ያሉኝ ሦስት ዲስኮች ነበሩ። ተናድጃለሁ። ፒንክ ፍሎይድ በ2011 ባወጡት የ«ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ትልቅ ሣጥን ውስጥ ብይና ስካርፍ ሳይቀር ነበር። ብይ ለምን እንዳስፈለገ እኔም አልገባኝም።

የተረቱ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ጉልቻ መቀየር ማለት ያንኑ አልበም ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ብዙ ኩባንያዎች ይህን አድርገዋል። ሁሉን ድምፅ እኩል አስጩኸው የሙዚቃውን ከፍታና ዝቅታ ገደሉት፤ ጸሐፊው በዚያ ላይ ቢነሱ ኖሮ ከሳቸው በላይ እጮህ ነበር። ያልተሰማ ዘፈን ማውጣት ግን ጉልቻ አይደለም። ሌላ ድስት ነው።

አንድ የረሱት ነገርም አለ። ኩባንያዎቹ ሣጥኑን ባይከፍቱም ዘፈኖቹ ዝም ብለው አይቀመጡም። በ1969 የቦብ ዲላን ያልተለቀቁ ቀረጻዎች ስም በሌለው ነጭ ሽፋን ታትመው በየመንገዱ ተሸጡ። «ግሬት ዋይት ዎንደር» ይባላል። ድምፁ የተበላሸ ነው፤ ዲላንም ከዚያ ሳንቲም አላገኘም። ከዚያ በኋላ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ አድናቂዎች ከእጅ ወደ እጅ የተገለበጠ ካሴት ሲቀባበሉ ኖሩ። አንድ ካሴት አምስት ጊዜ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። በ1991 ዲላን የራሱን ሣጥን ሲከፍት «ብላይንድ ዊሊ ማክቴል» በንጹህ ድምፅ ወጣ። በ1983 ለ«ኢንፊደልስ» አልበም ተቀርጾ የቀረ ዘፈን ነው። ዛሬ ከሥራዎቹ ምርጦች መካከል የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። ዲላን ራሱ ከ1997 ጀምሮ በመድረክ ይዘፍነው ጀመር።

እውነት ነው፣ አንዳንዴ የሚከፈተው ለፍቅር ሳይሆን ለሕግ ነው። አውሮፓ በ2011 የቀረጻን የመብት ጥበቃ ከ50 ወደ 70 ዓመት አራዘመ። ግን በ50 ዓመት ውስጥ ያልወጣ ቀረጻ ከዚህ ጥቅም አያገኝም። ስለዚህ በ2012 መጨረሻ የዲላን የ1962 ቀረጻዎች በመቶ ገደማ ቅጂ ብቻ፣ ለስሙ ያህል ወጡ። በ2013 ደግሞ ቢትልስ ከ1963 የተረፉ 59 ቀረጻዎችን ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ። ይህ መብት ለመጠበቅ የተደረገ ነው፤ ለአድማጭ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ክርክራቸው ይጠነክር ነበር።

ገንዘቡ የሚሠራው ሌላ ሥራ ግን አለ። ቴፕ ዕቃ ነው፤ ያረጃል። በ1970ዎቹ የተመረቱ ብዙ የስቱዲዮ ቴፖች ማጣበቂያቸው እርጥበት ይስባል። እንዲሁ ብታጫውቷቸው ማሽኑ ላይ ይጣበቃሉ፣ የድምፁ ሽፋን ይላጣል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት፣ 54 ዲግሪ ገደማ፣ ለብዙ ሰዓት «ይጋገራሉ»፤ ከዚያ ለአጭር ጊዜ ይጫወታሉ፣ ያን ጊዜ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣሉ። ይህን ማን ይከፍልበታል? አንድ ኩባንያ መጋዘኑን የሚያስከፍተው ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ነገር ሲኖር ነው። በ2008 ጁን 1 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የዩኒቨርሳል ግቢ ሲቃጠል የዋና ቀረጻ ቴፖች አብረው ነደዋል። ምን ያህል እንደጠፋ እስከዛሬ ያከራክራል። ቀድሞ የተገለበጠ ግን ቢያንስ ድምፁ አለ።

የሟቾቹን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። አብዛኞቹን ሣጥኖች የከፈቱት ባለቤቶቹ ራሳቸው፣ በሕይወት እያሉ ነው። ፔጅ፣ ያንግ፣ ዲላን፣ በ2025 ደግሞ ሰባት ያልወጡ አልበሞችን፣ 83 ዘፈን፣ በአንድ ጊዜ ያወጣው ብሩስ ስፕሪንግስቲን። ስለሞቱት ግን የጸሐፊው ስጋት መሠረት አለው። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1970 በ27 ዓመቱ ሲሞት ያወጣው ሦስት የስቱዲዮ አልበም ብቻ ነበር። በ1975 «ክራሽ ላንዲንግ» የተባለው አልበም ሲወጣ ከሱ ጋር የተጫወቱት ሰዎች ድምፅ ከቴፑ ተነሥቶ፣ ሄንድሪክስን አግኝተውት የማያውቁ ሙዚቀኞች ተተክተውበት ነበር። ይህ ስህተት ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ በ2002 የሮክ ዘፋኙ የኦዚ ኦዝቦርን የመጀመሪያ ሁለት አልበሞች ሲታተሙ የሆነው ነው። ቤዝና ድራም የተጫወቱት ሰዎች በክፍያ ጉዳይ ክስ ላይ ነበሩ፤ ድምፃቸው ወጥቶ በሌሎች ሰዎች ተተካ። ደንበኛ የገዛው አልበም የሚያውቀው አልበም አልነበረም። በ2011 ነው የመጀመሪያው የተመለሰው።

ልብ በሉ ግን፣ በሁለቱም ታሪክ ጥፋቱ ያልተሰማ ነገር መውጣቱ አይደለም። የተቀረጸውን መንካት ነው። የሄንድሪክስን ቴፕ ሳይነኩ ማሰማትና በላዩ ላይ ሌላ ሰው ማስጫወት አንድ አይደሉም። ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ጆንያ ከተቷቸው።

የመጨረሻውን ነጥብ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ምሥጢሩ ይሞታል ይላሉ። «ወጥ ቤት የገባ ወጡ አይጥመውም» ዓይነት ነገር። እኔ የኖርኩት ተቃራኒውን ነው።

የዲላንን «ላይክ ኤ ሮሊንግ ስቶን» ውሰዱ። በ1965 ጁን 15 ሲጀምሩት እንደ ዋልዝ ነበር፣ በሦስት ምት። ይንገዳገዳል። ዲላን ቃሉን ይረሳል፣ ድምፁ ይሰለላል። በማግስቱ ተመለሱ። አል ኩፐር የሚባል ወጣት ጊታር ለመጫወት ተስፋ አድርጎ መጥቶ፣ ማይክ ብሉምፊልድ ጊታር ሲመታ ሰምቶ ተስፋ ቆረጠና ኦርጋን ላይ ተቀመጠ። ኦርጋን ተጫዋች አልነበረም። በዚያ ቀን አራተኛው ሙከራ ላይ ነገሩ በረረ፤ ዓለም የሚያውቀው ዘፈን እሱ ነው። ከዚያም በኋላ ደጋግመው ሞከሩት። አልመጣም። ይህንን ሁሉ፣ አንዱንም ሳይዘሉ፣ በ2015 በወጣው ስብስብ ላይ ትሰሙታላችሁ። እኔ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉውን ሰማሁት። አራተኛው ሲደርስ ሰውነቴን ወረረኝ። ያ ዘፈን ሳይሳካ ሊቀር እንደሚችል እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወይም «የሎ ሰብማሪን»። የልጆች መዝሙር ነው፤ እዚህ አገር ያደጉ ልጆቻችን ሳይቀሩ ይዘፍኑታል። ሁላችንም የፖል ማካርትኒ ጨዋታ ነው ብለን ነበር። በ2022 «ሪቮልቨር» ሲታተም ከሣጥኑ አንድ የቤት ቀረጻ ወጣ። ጆን ሌነን ብቻውን ጊታር ይዞ፣ በተወለድኩበት ቦታ የሚያስብልኝ አልነበረም እያለ ያንጎራጉራል። ዜማው ያው የምናውቀው ነው። እናቱ ጋ ሳይሆን አክስቱ ቤት ያደገ ሰው ነው የሚዘፍነው። ከዚያ ያ ሐዘን ጓደኛው እጅ ገብቶ ወደ ልጆች ደስታ ተለወጠ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ዘፈኑ ለኔ ተራ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ምሥጢሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበር፤ ሣጥኑ ባይከፈት አላገኘውም ነበር።

አንድ ልጨምር። በ1975 ፒንክ ፍሎይድ ለንደን ውስጥ አቢ ሮድ ስቱዲዮ «ዊሽ ዩ ዌር ሂር»ን ሲቀርጹ፣ የጃዝ ቫዮሊን ሊቁ ስቴፋን ግራፔሊ ይሁዲ ሜኑሂን ከተባለው ቫዮሊን ተጫዋች ጋር በዚያው ሕንፃ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር። ጠሩት፤ መጥቶ የአልበሙ አርዕስት በሆነው ዘፈን ላይ ተጫወተላቸው። ከዚያ ቫዮሊኑን ዝቅ አደረጉት፣ አልበሙ ላይም ስሙ አልተጻፈም። ለዓመታት ቴፑ ላይ ሌላ ነገር ተቀርጾበት ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። ከ36 ዓመት በኋላ ለ2011ዱ ህትመት መጋዘኑ ሲፈተሽ ተገኘ። ቫዮሊኑ ከድምፁ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ይመልስለታል፣ አንዳንዴ ይቀድመዋል። ባንዱ ያኔ ማስቀረቱ ትክክል ነበር ብል እንኳ፣ የድሮው ቅጂ ከነጊታሩ ብቻውን ይበልጣል ብል እንኳ፣ ይህን መስማቴ አልጎዳኝም። የ1975ቱ ቅጂ መጨረሻ ላይ ዘፈኑ በነፋስ ድምፅ ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ነፋስ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። አሁን ጆሮዬን ሳቀርብ ከነፋሱ ጀርባ፣ በጣም ርቆ፣ ያ ቫዮሊን አለ።